ምርጥ ምድጃ

ምርጥ ምድጃ በኢትዮጵያ እንጀራ ለመጋገር የሚያገለግል ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ነው። ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ድቃቂ በቅርጽ ማውጫ ይሠራል። አገልግሎት ላይ መዋል የጀመረው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ) ነው።

እንጨት በሚነድበት ቤት ትልቁን የማገዶ ድርሻ የሚወስደው እንጀራ መጋገር ስለሆነ፣ ቁጠባውን ከዚህ መጀመር ያዋጣል። በሦስት ጉልቻ ላይ ነበልባሉ በየጎኑ ስለሚበተን ብዙው ሙቀት ምጣዱን ሳያገኝ ይባክናል። የምርጥ ምድጃ አራት ክፍሎች ተጋጥመው እሳቱን ዙሪያውን ይዘጉታል። ሌሎቹ ሁለት ክፍሎች ከኋላ የጭስ መውጫና የድስት ማስቀመጫ ይሆናሉ፤ በሚወጣው ትርፍ ሙቀት ውሃ ማሞቅ ይቻላል። በአግባቡ ከተያዘ ሦስት ጉልቻ ከሚፈጀው እንጨት እስከ ግማሽ ያህሉን ይቆጥባል።

ይህ የሚሆነው ግን በአግባቡ ከተያዘ ብቻ ነው። መጋጠሚያዎቹ በጭቃ ካልተመረጉ ወይም ምጣዱ ልኩ ካልሆነ ሙቀቱ በክፍተቱ ያመልጣል። እርጥብ እንጨት ጭስ ያበዛል፤ ሙቀቱም በውስጡ ያለውን ውሃ በማትነን ያልቃል። ምጣዱ እስኪግል ብዙ ማገዶ ስለሚፈጅ፣ ለሁለትና ለሦስት ቀን የሚበቃውን በአንድ ምጣድ መጋገር በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ከመጋገር በእጅጉ ይሻላል።

ምድጃው ጭስ ቢቀንስም አያጠፋም። በተለይ ልጅ አዝላ የምትጋግር እናት ባለችበት ማድ ቤት፣ መስኮት ወይም ሌላ የጭስ መውጫ አሁንም ያስፈልጋል።