መርፌው ወደ ዜሮ አልመለስ ሲል

(በራዲዮ ከተነገሩት ንግግሮች)



ኮምፕረሰር የተባለውን ስም ስንሰማ ከብዙዎቻችን ዐሳብ የሚመጣው በጎሚስታ ደጃፍ እየተንቀጠቀጠ ጎማ የሚነፋው ሞተር ነው። ዛሬ የምንነጋገርበት ኮምፕረሰር ግን የሚጨምቀው አየርን ሳይሆን ድምፅን ነው። አንድ ተናጋሪ በማይክሮፎን ፊት ቀርቦ አንድ ጊዜ ሹክ እያለ፥ አንድ ጊዜም እንደ አዋጅ ነጋሪ እየጮኸ ቢናገር፥ ይህ መሣሪያ የጎላውን ድምፅ በቅጽበት ዝቅ ያደርገዋል፤ ያነሰውን ግን አይነካውም። ስለዚህ አድማጭ በቤቱ ተቀምጦ የራዲዮኑን ቁልፍ ሲያዞር አይውልም ማለት ነው።

በዚህ ሥራ ስማቸው ከገነነው መሣሪያዎች መካከል፥ በአሜሪካ አገር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ማብቂያ ሬይን ናርማ የነደፈው ፌርቻይልድ 670 እና በ1960ዎቹ ጂም ሎውረንስ የሠራው ኤል ኤ 2 ኤ ይገኛሉ። ሁለቱም የሚሠሩት በቫልቭ ነው። ቫልቭ ማለት በጥንቱ ራዲዮ ውስጥ ሲግል የምናየው የብርጭቆ አምፖል ነው፤ በፌርቻይልዱ ውስጥ ብቻ 20 ቫልቮች አሉ። ቫልቭ ከተራው ራዲዮ ከወጣ ብዙ ዘመን ቢሆነውም፥ የነዚህን መሣሪያዎች ንድፍ እየተመለከቱ በቤታቸው የሚሠሩ ሰዎች ዛሬም በየአገሩ አሉ።

ከእነርሱ አንዱ የእኔ ባልንጀራ ነው። ቀን በመሥሪያ ቤት መዝገብ ሲያገላብጥ ይውላል፤ ማታ ማታ ግን ስድስት ወር ሙሉ ደክሞ እንደ ፌርቻይልዱ ያለውን፥ ነገር ግን አነስ ያለውን ዐይነት ሠራ። ድምፁም አማረለት። ዳሩ ግን ድምፁ ምን ያህል እንደ ተጨመቀ የሚያመለክተው መርፌ በዜሮ ላይ አልጸና አለ፤ ቀን በቦታው ይቆማል፥ ማታ ይወርዳል። ባልንጀራዬ መለኪያው ተበላሽቷል ብሎ የመርፌውን ማስተካከያ ሲያዞር ሰነበተ። ከዚያም ቫልቮቹን ከውጭ አገር አስመጥቶ ሁለት ጊዜ ለወጠ፤ ይህም የወር ደመወዙን ነካ። መርፌው ግን እንደ ልማዱ ማታ ማታ መውረዱን አልተወም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚህ ዐይነቱ መሣሪያ መርፌው የሚለካው ድምፁን ራሱን አይደለም፤ በቫልቮቹ ውስጥ የሚያልፈውን ኮረንቲ ነው። ድምፅ ሲጎላ የቫልቮቹ ኮረንቲ እንዲቀንስ ይደረጋል፤ ኮረንቲው ሲቀንስም መርፌው ይወርዳል። እንግዲህ አንድም ድምፅ ሳይኖር ለቫልቮቹ የሚደርሰው ኃይል ቢያንስ መርፌው ያው መውረዱ አይቀርም፤ ሁለቱን ምክንያቶች ለይቶ አያውቅምና። መሣሪያው እንደ ተከፈተ ቫልቮቹ እስኪግሉ ድረስ መርፌው ወድቆ መቆየቱም ከዚሁ የተነሣ ስለሆነ ሊያስደነግጥ አይገባም። ስለዚህ መለኪያው ከመነካቱ በፊት ኃይል ሰጪው ክፍል መመርመር አለበት።

ነገር ግን ወደዚህ ክፍል እጅ ከመስደድ በፊት አንድ የሚታወቅ ነገር አለ። ባልንጀራዬ አንድ ቀን ሶኬቱን ነቅሎ፥ ሻይ ጠጥቶ ተመልሶ ሽቦ ቢነካ፥ ኮረንቲው ክንዱን እስከ ትከሻው መታው። ኮንደንሰር የሚባለው ዕቃ ኤሌክትሪክን እንደ ጋን አጠራቅሞ የሚያኖር ነውና፥ መሣሪያው ከተነቀለ በኋላም ወደ 300 ቮልት የሚጠጋ ኃይል ለብዙ ጊዜ ይዞ ሊቆይ ይችላል። ይህ ሰውን የሚገድል ኃይል ነው። ስለዚህ በ10,000 ኦም፥ 5 ዋት ሬዚስተር፥ ጫፎቹ በደንብ በተሸፈኑ ሽቦዎች፥ ኮንደንሰሩን ማራገፍ፥ ከዚያም በቴስተር ለክቶ ባዶ መሆኑን ማረጋገጥ ግድ ነው። ሠሪው 220,000 ኦም፥ 2 ዋት ሬዚስተር በኮንደንሰሩ ላይ ለዘለቄታው ቢያስርበት፥ መሣሪያው በተነቀለ ቁጥር በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ራሱን በራሱ ያራግፋል። ኃይል እያለ የሚለካ ሰውም በአንድ እጁ ብቻ ይለካ፤ ሁለተኛውን ኪሱ ውስጥ ይክተት።

አዲስ የተሠራ መሣሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት፥ 100 ዋት አምፖል በመሥመሩ ላይ በተከታታይ ማስገባት መልካም ነው። አምፖሉ ግን የቀድሞው፥ ሽቦው የሚግለው መሆን አለበት፤ አሁን በየሱቁ የሚሸጠው ኤል ኢ ዲ ለዚህ አይሆንም። አምፖሉ ለአፍታ በርቶ ከደበዘዘ ደኅና ነው፤ እንደ ደመቀ ከቀረ ግን አንድ ቦታ ላይ ሽቦ ከሽቦ ተገናኝቷል። ትራንስፎርመሩም ከየት እንደ መጣ ማየት ይገባል። ለአሜሪካው 120 ቮልት የተሠራውን በእኛ 220 ቮልት ላይ መሰካት ማቃጠል ነው። ቮልቱ በሌላ ትራንስፎርመር ቢቀነስለት እንኳ፥ ለ60 ኸርዝ ብቻ የታሰበው ብረቱ በእኛ 50 ኸርዝ ከልክ በላይ ሊግል ይችላል።

መሣሪያው እምም የሚል ድምፅ ካሰማ ድምፁን ማዳመጥ ብቻውን ብዙ ይናገራል። ወፍራሙና ዝቅተኛው የ50 ኸርዝ ድምፅ ከሆነ፥ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ በማሞቂያው ሽቦ ወይም በመሬት ሽቦው አሠራር ነው። ከፍ ያለው የ100 ኸርዝ ድምፅ ከሆነ ደግሞ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ያረጀ ኮንደንሰር ነው፤ ከአሮጌ ራዲዮ እየተፈታ የሚገጠመው ኮንደንሰር በተለይ እምነት አይጣልበትም።

የባልንጀራዬን መሣሪያ ቀን ስንለካው የመሥመሩ ኃይል 220፥ የማሞቂያው 6.3፥ ከፍተኛው 280 ቮልት ነበረ። ማታ አንድ ሰዓት ላይ ደግመን ስንለካ መሥመሩ 195፥ ማሞቂያው 5.6፥ ከፍተኛው 248 ሆነ። በዚያው ሰዓት ጎረቤት ምጣዱን ጥዶ እንጀራ ይጋግር ነበር! ምጣዱ ሲጠፋ መርፌው ቀስ እያለ ወደ ዜሮ ተመለሰ። የተጣሉት ቫልቮች አንዳች ጥፋት አልነበረባቸውም።

መለኪያው ራሱ የሚበላሽበት ጊዜ የለም ለማለት አይደለም። የሚጠረጠረው የኮረንቲ መለኪያ ሙሉ ንባቡ 200 ማይክሮ አምፔር ከሆነ፥ ከመሣሪያው ፈትቶ አውጥቶ ባለ 1.5 ቮልት ባትሪን በ10,000 ኦም ሬዚስተር በኩል ማገናኘት ነው፤ መርፌው ወደ ሦስት አራተኛው ግድም ከወጣ ደኅና ነው። ባትሪውን ያለ ሬዚስተር ማገናኘት ግን መርፌውን ማቃጠል ነው። የድምፅን ኃይል የሚያሳየው ቪ ዩ የተባለው መለኪያ ደግሞ ሌላ ሕግ አለው፤ 3,600 ኦም ሬዚስተር በተከታታይ ሲገባለት በ1.228 ቮልት ዜሮን ያሳያል። ያ ሬዚስተር ከተረሳ ንባቡ ከእውነቱ በላይ ይሆናል። በርካሽ የሚሸጡት አንዳንዶቹ ቪ ዩ የሚል ጽሕፈት ቢኖራቸውም በውስጣቸው የኮረንቲ አቅኚ የላቸውም፤ በቀጥታ ቢገናኙ ድምፁን አያነቡም።

ባልንጀራዬ በመጀመሪያ ለፍሪጅ የሚሆነውን ስታቢላይዘር ገዝቶ አስገባ። እርሱ ግን ቮልቱን የሚያስተካክለው በደረጃ እየዘለለ ስለሆነ መርፌውም አብሮት ዘለለ። ስለዚህ ከስታቢላይዘሩ ሌላ፥ ከፍተኛውን ቮልት በ230 ላይ አጽንቶ የሚይዝ መቆጣጠሪያ በመሣሪያው ውስጥ ጨመርንበት። ከዚያ በኋላ ግማሽ ሰዓት እንዲግል ተውነውና ዜሮውን አንድ ጊዜ አስተካከልን። ጎረቤትም በማግሥቱ ማታ ምጣዱን ጣደ፤ መርፌውም ከቦታው አልተነቃነቀም።