የሕግና የማስጠንቀቂያ ቃላት አተረጓጐም

መዝገበ ቃላት የያዘ ሁሉ ተርጓሚ ነኝ ማለት ይቃጣዋል። የሕግ ጽሑፍና በፋብሪካ መኪና ላይ የሚለጠፍ ማስጠንቀቂያ ግን ለመዝገበ ቃላት ብቻ አይታዘዙም። ለዚህም ከፖርቱጋልኛ ወደ እንግሊዝኛ፣ ከእንግሊዝኛም ወደ ፖርቱጋልኛ የሚተረጉሙ ሰዎች የሚገጥማቸው ችግር ጥሩ ምስክር ነው።

በፖርቱጋልኛ «ኩልፓ» በተራው ንግግር ጥፋት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 የወጣው የብራዚል የወንጀል ሕግ ግን ሆን ተብሎ የተሠራውን ወንጀል «ዶሎዞ»፣ ሳይታሰብ የደረሰውን «ኩልፖዞ» ብሎ ይለያል። እንግዲህ ጀማሪ ተርጓሚ «ኦሚሲዲዮ ኩልፖዞ» የሚለውን አግኝቶ ኩልፖዞን «ጊልቲ» በሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ቢተካው፣ ሳያስብ ሰው የገጨውን ሾፌር ነፍሰ ገዳይ አስመሰለው ማለት ነው። ነገሩ የቃላት ጨዋታ አይደለም፤ ሕጉ በመደበኛው አነጋገር አስቦ ለገደለ ከ6 እስከ 20 ዓመት፣ ሳያስብ ለገደለ ከ1 እስከ 3 ዓመት እስራት ይወስናል።

«ቸልተኝነት» ብለን እንዳንገላገለው ደግሞ፣ የብራዚል ሕግ በኩልፓ ሥር ሦስት ነገሮችን ይቈጥራል፤ ያልታሰበበት ድፍረት፣ ቸልተኝነትና የሙያ ጉድለት። ቸልተኝነት ከሦስቱ አንዱ ብቻ ነው። በፖርቱጋል የወንጀል ሕግ ግን ያው ወንጀል «በቸልተኝነት መግደል» ተብሎ ይጠራል። ቋንቋው አንድ፣ ስሙ ሁለት! ስለዚህ ተርጓሚው ከሁሉ አስቀድሞ ወረቀቱ ከየትኛው አገር እንደ መጣ መጠየቅ አለበት።

የማስጠንቀቂያ ቃላትም እንደ ወታደር ማዕረግ አላቸው። በአሜሪካ ደንብ መሠረት «ዴንጀር» ካልተጠነቀቁለት የሚገድል ወይም ክፉኛ የሚያቈስል፣ «ዎርኒንግ» ይህን ሊያደርስ የሚችል፣ «ኮሽን» ቀለል ያለ ጉዳት ሊያደርስ የሚችል አደጋን ያመለክታል። ለኬሚካል ዕቃ የወጣው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ግን ሁለት ቃል ብቻ አለው፤ ዴንጀርና ዎርኒንግ፤ በፖርቱጋልኛም «ፔሪጎ» እና «አቴንሳዎ» ይባላሉ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በመኪና መመሪያ «አቴንሳዎ» ብዙ ጊዜ የሚውለው ለኮሽን ነው። ከጠርሙሱ የለመደውን ቃል ወደ ብረት መጭመቂያው መኪና የወሰደ ተርጓሚ፣ እጅ የሚቈርጠውን አደጋ ጣት ከመጫር አያልፍም ብሎ ለሠራተኛው ነገረው ማለት ነው። በዚያ ቦታ ለዎርኒንግ «አድቬርቴንሲያ» ይሻላል።

በድርሰት ትምህርት አንድ ቃል መደጋገም ነውር ነው ተብለን ነበር። እዚህ ግን ገጽ 3 ላይ አድቬርቴንሲያ ያለ ሰው ገጽ 40 ላይ ለውበት ብሎ ቃሉን ቢለውጥ፣ አንባቢው የአደጋው መጠን የተለወጠ ይመስለዋል።