የጠፋውን ፓኬት ማን ይፈልገዋል?

ቪዲዮ ስትከፍቱ መረጃው ፓኬት በሚባሉ ትንንሽ ቁርጥራጮች ተከፋፍሎ ይመጣል። በመንገድ ላይ ያሉት ራውተሮች የፓኬቱን አድራሻ አይተው ወደሚቀጥለው ያሳልፉታል። ወረፋው ከሞላባቸው ግን ይጥሉታል፤ በቃ! የጠፋውን የሚከታተሉት ዳርና ዳር ያሉት ኮምፒውተሮች ናቸው፦ ተቀባዩ «ደርሶኛል» ካላለ ላኪው እንደገና ይልካል።

ይህ ኃላፊነት ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1986 በካሊፎርኒያ፣ በሎውረንስ በርክሌይ ላብራቶሪና በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ መካከል ያለው መስመር ተጨናንቆ ፍጥነቱ በሴኮንድ ከ32,000 ቢት ወደ 40 ቢት ወረደ። ኮምፒውተሮቹ የጠፋውን ቶሎ ቶሎ ሲልኩ መጨናነቁን አባባሱት። ቫን ጃኮብሰንና ማይክ ካረልስ ራውተሮቹን አልነኩም፤ ፓኬት ሲጠፋ ላኪው ፍጥነቱን እንዲቀንስ የኮምፒውተሮቹን ፕሮግራም፣ ቲሲፒን፣ አሻሻሉ። ዛሬም ፎቶ ስትልኩ መስመሩ ከተጨናነቀ ቀስ የሚለው ስልካችሁ ራሱ ነው።