የማይድን የቆዳ ቁስል በዱብቲና በአካባቢው፦ መቼ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባል?

በዱብቲ፣ በሰመራና በታችኛው አዋሽ ዳርቻ የሚኖር ሰው በቆዳው ላይ የሚወጣን ሽፍታ ከሙቀቱ ጋር ማያያዙ የተለመደ ነው። ብዙ ጊዜም ግምቱ ትክክል ይሆናል። ነገር ግን ሳምንታት አልፈውት የማይድን ቁስል፣ ሌሊት የሚብስ ማሳከክ ወይም ስሜት የሌለው ነጣ ያለ ምልክት ትኩረት ከሚሹ ሐሩራማ በሽታዎች አንዱ ሊሆን ስለሚችል መመርመር ይኖርበታል።

በቀላሉ የሚዛመተው እከክ ነው። በጣቶች መካከል፣ በእጅ አንጓና በወገብ ዙሪያ ያሳክካል። ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ሰው ምልክቱ እስኪታይበት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሊወስድ ይችላል፤ እስከዚያው ግን በቆዳ ንክኪ ወደ ሌሎች ያስተላልፋል። በመሆኑም የሚያሳክከው አንድ ሕፃን ብቻ ቢሆንም ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ቀን መታከም አለበት፤ ሕክምናው ብዙ ጊዜ የሚከሽፈውም ይህ ባለመደረጉ ነው። ልብስ ማጠቢያ ውኃ በማይገኝበት ቦታ ልብሱን በፌስታል ቋጥሮ ለአንድ ሳምንት ማቆየት ይቻላል። መድኃኒቱ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ሊደገም ስለሚችል፣ ከብት ይዘው የሚንቀሳቀሱ ቤተሰቦች ቀጣይ ማረፊያቸውን ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ቢያሳውቁ ይመረጣል። እ.ኤ.አ. በ2015 እና በ2016 በኤልኒኖ ድርቅ ወቅት እከክ በአገራችን በስፋት ተዛምቶ እንደነበር ይታወሳል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2017 በሽታውን ትኩረት ከሚሹት ዝርዝር ውስጥ አካትቶታል።

ቁንጭር፣ ማለትም የቆዳ ሌሽማኒያሲስ፣ የደጋ በሽታ ብቻ ተደርጎ ይታሰባል። ይሁንና በሽታውን የሚያመጡ ተሕዋስያን በአዋሽ ሸለቆ ከአሸዋ ዝንቦች ተለይተው ተገኝተዋል። ዝንቧ የምትናከሰው በአብዛኛው ከምሽት እስከ ንጋት ነው፤ ቁስሉ ብዙም ባያምም ከወራት በላይ ይቆያል፣ ጠባሳም ይተዋል። ቁስሉን በእሳት መተኮስ ጉዳቱን ያባብሳል።

የሥጋ ደዌ መድኃኒት በነፃ ይሰጣል። እንደ በሽታው ዓይነት 6 ወይም 12 ወር የሚወስድ ሲሆን፣ ሕክምና የጀመረ ሰው በአጭር ጊዜ ውስጥ ማስተላለፉን ያቆማል። ታካሚን ከቤተሰብ መለየት አያስፈልግም። የዘገየ ሕክምና ግን በነርቭ ላይ የደረሰውን ጉዳት ላይመልሰው ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው ማዕቀፍ እነዚህ በሽታዎች ለየብቻ ከሚፈለጉ ይልቅ በአንድ የቆዳ ምርመራ አብረው እንዲለዩ ይመክራል። ስለዚህ ለማሳከክ የመጣ ታካሚ በጀርባው ያለውን ምልክትም ለባለሙያው ማሳየት ይኖርበታል። በአፋር ዘንድ መንገደኞች ሲገናኙ ዜና የሚለዋወጡበት ዳጉ ለዚህም ይጠቅማል፤ ስለ ግጦሽና ስለ ዝናብ ሲጠያየቁ ስለማይድን ቁስልም መጠያየቅ ይቻላል።

ምርመራው በአቅራቢያ ባለ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ይጀመራል። ከዚያ በላይ የሚያስፈልገው ታካሚ ወደ ዱብቲ ሆስፒታል ሊላክ ስለሚችል፣ የሪፈር ወረቀቱንና ቀደም ሲል የወሰደውን መድኃኒት ይዞ መቅረብ አለበት።