በርሜሉ የማይከፍለው ኪራይ፦ ጠባብ መታጠቢያ ቤትን እንዴት እናስፋው?

ስልካችሁ ላይ «ትንሽ መታጠቢያ ቤት» ብላችሁ ብትፈልጉ ምን እንደሚመጣላችሁ ታውቃላችሁ። ነጭ ግድግዳ፣ የእንጨት መደርደሪያ፣ ጥግ ላይ አረንጓዴ ተክል፣ በሥርዓት የተጠቀለለ ፎጣ። ያምራል። ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ በርሜል የለም። ጀሪካንም የለም፣ ሳፋም የለም። ቪዲዮውን የሠሩት ሰዎች ቧንቧ በከፈቱ ቁጥር ውኃ የሚመጣበት ቤት ነው የሚኖሩት። አዲስ አበባ ውስጥ ውኃ በፈረቃ ለሚደርሰን ሰዎች ግን መታጠቢያ ቤት ገላ የምንታጠብበት ክፍል ብቻ አይደለም፤ የውኃ መጋዘንም ነው። ስለዚህ እኛ «ፎጣውን የት ልስቀል?» ከማለታችን በፊት «ውኃውን የት ላድርገው?» ማለት አለብን።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ የተጀመረው የከተማዋ የኮንዶሚኒየም ግንባታ ለብዙ ቤተሰብ በር ዘግቶ የሚገባበት የራሱ ሽንት ቤትና ሻወር ሰጥቶታል። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፤ ዛሬም ግቢ ውስጥ ተሰልፎ የጋራ ሽንት ቤት የሚጠቀም ብዙ ሰው አለ። ነገር ግን በትንንሾቹ ቤቶች ሻወሩ፣ መቀመጫውና የእጅ መታጠቢያው አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ተጨናንቀዋል። ውኃ ማጠራቀሚያው ደግሞ ከሁሉም በኋላ የመጣ አራተኛ ነዋሪ ነው።

<b>ካሬውን በብር እናስላው</b>

ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ሁሉን ነገር በዋጋ የማየት አመል አለበት። እዚህ ጋ ግን አመሉ ይጠቅማል። ለስሌት እንዲመቸን 30 ካሬ ሜትር ቤት በወር 12,000 ብር ተከራይታችኋል እንበል። አንዱ ካሬ 400 ብር ማለት ነው። መታጠቢያ ቤቱ ደግሞ 1.2 በ2 ሜትር ነው እንበል፤ 2.4 ካሬ።

የተለመደው 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል ከዳር እስከ ዳር 58 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ክብ ስለሆነ ጥጉ ላይ የሚተርፈው ክፍተት ለምንም አይሆንም፤ ስለዚህ 0.34 ካሬ ያህል ወስዷል ማለት ነው። በኪራይ ሲሰላ በወር 136 ብር፣ በዓመት ከ1,600 ብር በላይ ነው። በርሜሉ ይቀመጣል፣ ኪራዩን እናንተ ትከፍሉለታላችሁ።

ከበርሜሉ የባሰም አለ፤ በሩ። ወደ ውስጥ የሚከፈት 70 ሴንቲ ሜትር በር ሲዞር የሚጠርገው ወለል 0.38 ካሬ ይደርሳል። እዚያ ላይ ምንም ማስቀመጥ አይቻልም፤ ካስቀመጣችሁ በሩ አይከፈትም። በርሜሉና በሩ ሲደመሩ 0.72 ካሬ ነው። ከ2.4 ካሬው 30 በመቶ! አንድ ሦስተኛ ሊሆን ምንም ያልቀረውን ወለል ሁለት ነገሮች ብቻ ይዘውታል። ነጭ ሴራሚክና ትልቅ መስታወት ክፍሉን ሰፊ ያስመስሉታል፤ እውነት ነው። ግን ዓይንን እንጂ ክርንን አያሳርፉም።

<b>ከብር የሚበልጥ ዋጋ</b>

እኛ ብሎክ ምድር ላይ የሚኖሩ አንድ እናት አሉ፤ ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ያለ ምርኩዝ አይራመዱም። አንድ ቀን ጀሪካን ላስገባላቸው ስገባ በርሜሉ በመግቢያውና በመቀመጫው መሀል ተገትሯል። እኔ ራሴ በጎን ነው ያለፍኩት።

«እማማ፣ ይሄ በርሜል አያስቸግርዎትም?» አልኳቸው።

«ምን ላድርገው ልጄ። ማታ ማታ ውኃ መጠጣት ትቻለሁ። ሌሊት ተነስቼ እሱን ታክኬ ከማልፍ ይሻላል ብዬ።»

ውኃ እንዳያልቅባቸው የተቀመጠ በርሜል ውኃ እንዳይጠጡ አድርጓቸዋል። ይሄንን በካሬ 400 ብር ብሎ ማስላት አይቻልም።

ልጃቸው እሑድ ሲመጣ አብረን አወጣነው። ውኃው ሊያልቅ ሲል መርጠን ነው እንጂ የሞላ በርሜል ከ200 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን አይነቃነቅም። ወጥ ቤት ግድግዳ ሥር አስቀመጥነው፤ ከቧንቧው በጎማ ይሞላል። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ከሥሩ ቧንቧ ያለው 20 ሊትር ባልዲ ብቻ በዝቅተኛ ዱካ ላይ ቀረ፤ ልጃቸው ሲመጣ፣ እሱ ከሌለ ከእኛ አንዳችን እንሞላዋለን። በርሜሉ የነበረበት ግድግዳ ላይ ደግሞ የእጅ መደገፊያ ብረት ታሰረ። ቤቱ አልሰፋም፤ እማማ ግን ቀጥ ብለው ይገባሉ።

<b>ስንት ሊትር ይበቃችኋል?</b>

አብዛኞቻችን ውኃ የምናጠራቅመው በስሌት ሳይሆን በፍርሃት ነው። በርሜል ይሞላል፣ ስምንት ጀሪካን ይጨመራል፣ ሳፋውም ይሞላል። ነጋዴ ግን መጋዘኑን እንደዚህ አይሞላም። ዕቃው በስንት ቀን እንደሚመጣና በቀን ስንት እንደሚሸጥ አይቶ፣ ትንሽ መጠባበቂያ ጨምሮ ነው የሚያዘው። እኛም እንደዚያ እናድርግ።

ሁለት ሰዎች ናችሁ፣ ውኃ የሚጠፋው ለሦስት ቀን ነው እንበል። ለአንድ ሰው በቀን ለገላ 12 ሊትር፣ ለእጅና ለጥርስ 3፣ ሽንት ቤት ለመልቀቅ 15 ሊትር ብንይዝ 30 ሊትር ይሆናል። ለማነፃፀር ያህል፣ በሰብዓዊ ዕርዳታ ሥራ የታወቀው የስፊር መለኪያ በአደጋ ጊዜ ለአንድ ሰው መጠጥና ምግብ ማብሰያን ጨምሮ በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ይላል። የእኛ 30 ሊትር የወጥ ቤቱን ሳይጨምር ነው። ሁለት ሰው በሦስት ቀን 180 ሊትር፤ ዘጠኝ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን።

አሁን አንድ ነገር ቀይሩ፤ ገላ የታጠባችሁበትንና ልብስ ያለቀለቃችሁበትን ውኃ ሳፋ ውስጥ ያዙትና ሽንት ቤቱን በሱ ልቀቁ። ይሄ ሙሉ በሙሉ ከተሳካ ከ180ው 90 ሊትር ይቀንሳል። ዘጠኙ ጀሪካን አምስት ሆነ፤ አንድ ለመጠባበቂያ ጨምሩና ስድስት። የእናንተ ቤት ቁጥር ከዚህ ይለያል፤ አራት ሰው ከሆናችሁ ወይም ውኃው ለሳምንት የሚጠፋ ከሆነ በርሜሉ ያስፈልጋችኋል። ቁም ነገሩ ቁጥሩን ማወቁ ላይ ነው። ከቁጥሩ በላይ ያለው ጀሪካን ሁሉ በነፃ የተቀመጠ እንግዳ ነው።

ጀሪካን ከበርሜል ሌላም ብልጫ አለው። መታጠቢያ ቤት ብቻ መቀመጥ የለበትም፤ አልጋ ሥር፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ሥር፣ በረንዳ ላይ ተበታትኖ ይቀመጣል። በርሜል በረንዳ ላይ የምታስቀምጡ ከሆነ ግን ከጫፉ አርቃችሁ ወደ ቤቱ ግድግዳ አስጠጉት። የትም ይሁን የት ክዳን ይኑረው፤ ትንሽ ልጅ ያለበት ቤት ክዳን የሌለው በርሜልና ባልዲ አደጋ ነው።

<b>ከወለል ወደ ግድግዳ</b>

ውኃው ቦታውን ከያዘ በኋላ የቀረው ቀላል ነው። መጀመሪያ በሩ። አቅጣጫው ተቀይሮ ወደ ውጭ እንዲከፈት ማድረግ ከተቻለ 0.38ቱ ካሬ ወዲያው ይመለሳል። ሌላም ጥቅም አለው፤ ሰው ውስጥ ቢወድቅ በሩን በአካሉ አይዘጋውም። ኮሪደሩ ጠባብ ከሆነ ተጣጣፊ የፕላስቲክ በር ወይም በግድግዳው ጎን የሚንሸራተት በር ይሠራል።

ቀጥሎ ግድግዳው። ከሽንት ቤቱ ውኃ ማጠራቀሚያ በላይና ከበሩ ራስ በላይ ያለው ቦታ በብዙ ቤት ባዶ ነው። ሳሙና፣ ሶፍት፣ የጽዳት ዕቃ እዚያ ይውጣ። ትልቁ የልብስ ሳፋ ወለል ላይ ምን ያደርጋል? ጠርዙን ብሱና በማንጠልጠያ ስቀሉት፤ ከግድግዳው 20 ሴንቲ ሜትር እንኳን አይወጣም። መጥረጊያና መወልወያም ይሰቀሉ። ከመቀመጫው ፊት ግን 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ነፃ ይሁን፤ መደርደሪያ ብላችሁ ጉልበታችሁን አትዝጉ።

አንድ ጥንቃቄ አለ፤ የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ብሎኬት ነው፣ ብሎኬት ደግሞ ውስጡ ባዶ ነው። ለፎጣ ማንጠልጠያ ተራ ፊሸር ይበቃል። 50 ሊትር ቦይለር ግን ውኃው ብቻ 50 ኪሎ ነው፤ የራሱ ክብደት ሲጨመር የሠለጠነ ባለሙያ ካልሰቀለው ራስ ላይ ይወርዳል። ለሁለት ሰው 30 ሊትር ቦይለር ቦታም ክብደትም ይቀንሳል። «ቦታ የማይፈጀው» ውኃ በቅጽበት የሚያሞቅ ሻወርም አለ። እሱ ግን 5,500 ዋት ሲሆን በ220 ቮልት 25 አምፔር ይስባል፤ ገመዱና የመሬት ሽቦው በኤሌክትሪክ ባለሙያ ሳይታይ መግጠም ከሕይወት ጋር መጫወት ነው።

<b>ተከራይ ከሆናችሁ</b>

ብዙዎቻችን ተከራይ ነን፤ «ነገ ለምለቀው ቤት ለምን ገንዘብ ላውጣ?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። የኔ መመሪያ ቀላል ነው። ስለቅ ይዤው የምሄደውን እኔ እገዛለሁ፤ ግድግዳው ላይ የሚቀረውን ከአከራይ ጋር እነጋገራለሁ። እግር ያለው መደርደሪያ፣ ጀሪካን፣ ቧንቧ ያለው ባልዲ፣ በር ላይ የሚንጠለጠል ማንጠልጠያ የእናንተ ነው። በር ማዞርና ቦይለር መስቀል የቤቱን ዋጋ ስለሚጨምር ወጪውን ከኪራይ እንዲቀነስ ወይም በጋራ እንዲሸፈን ሳትሠሩት በፊት ጠይቁ። ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን፤ ቴሌግራም ላይ የተጻፈችም መልእክት ከምንም ትሻላለች።

የጋራ ሽንት ቤትና ሻወር ለምትጠቀሙም ስሌቱ አይቀየርም፤ ሳሙናና የጥርስ ብሩሽ የሚይዝ ውኃ የሚያንጠፈጥፍ ዘንቢል አንድ መደርደሪያ ነው፣ እሱም በእጅ የሚዞር።

በዚህ ቅዳሜ መጀመሪያ ምንም አትግዙ። ሜትር ተዋሱና የክፍሉን ወለል፣ በሩን፣ በርሜሉን ለኩ። ቀጥሎ ውኃ በስንት ቀን እንደሚመጣ ስልካችሁ ላይ ለሁለት ሳምንት መዝግቡ። ከዚያ ጀሪካኖቹን ቁጠሩ። የቤታችሁ ትልቅ ሰው ወይም ልጅ ሌሊት ተነስቶ መብራት ቢጠፋ ምንም ሳይነካ መቀመጫው ጋ ይደርስ እንደሆነ እዩ። ካልደረሰ የሚወጣው ዕቃ የትኛው እንደሆነ ያኔ ግልጽ ይሆንላችኋል።