ተማሪን ከሰፈር የሚያገናኙ ሰዎች

በጥር መጨረሻ የአሜሪካ የግብር ወቅት ሲከፈት፣ በብዙ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች የአካውንቲንግ ተማሪዎች ከክፍል ወጥተው ወደ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍትና ወደ ሰፈር ማዕከላት ይሄዳሉ። እዚያ የሚጠብቋቸው ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ ሠራተኞች፣ ጡረተኞችና እንግሊዝኛው ገና ያልተገራላቸው ስደተኞች ናቸው። ቪታ የሚባለው ይህ ነጻ የግብር ማሳወቂያ አገልግሎት እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ያለ ነው። ተማሪው የሰው ወረቀት ከመንካቱ በፊት የፌዴራሉ የገቢዎች መሥሪያ ቤት ያወጣውን ፈተና ማለፍ ግድ ይለዋል፤ የሞላውንም ቅጽ ሌላ ሰው ደግሞ ያየዋል። ወደ ኮሌጁ ሲመለስ ያጋጠመውን ከትምህርቱ ጋር እያገናዘበ ይጽፋል። ማርክ የሚያዝለትም በዚህ ጽሑፍ ነው።

የፈተናውን ቀን ለመምህሩ ያሳወቀው፣ ከማዕከሉ ጋር ውል ያዋዋለው፣ ሌሊት የሚሠራውን ተማሪ ለቅዳሜ ከሰዓት የመደበው ሰው ግን በቦታው አይታይም። ቢሮው ሆኖ ስልክ ይደውላል። እሱ የሰርቪስ ለርኒንግ አስተባባሪ ነው።

የሙያው ሰዎች ሥራቸውን ለማስረዳት የሚወዱት የወንዝ ምሳሌ አለ። ተማሪዎች ከወንዝ ዳር ቆሻሻ ቢለቅሙ በጎ ፈቃድ ነው። የወንዙን ውኃ በማይክሮስኮፕ ቢያዩ ትምህርት ነው። የባዮሎጂ ተማሪዎች ናሙና ወስደው መርምረው ውጤቱን ለነዋሪውና ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሲያቀርቡ፣ የብክለቱንም ምንጭ ክፍል ውስጥ ሲከራከሩበት፣ ያን ጊዜ ሰርቪስ ለርኒንግ ይሆናል። ስያሜው በ1960ዎቹ አጋማሽ በቴነሲ ግዛት፣ ኦክ ሪጅ ላይ ሮበርት ሲግመንና ዊልያም ራምዚ ከመሩት የተማሪዎች ሥራ ጋር የተወለደ ነው።

ነገሩ ለኢትዮጵያ አንባቢ ጭራሽ እንግዳ አይደለም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ከመመረቃቸው በፊት ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር መላክ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1964 ነበር፤ አብዛኞቹም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መምህር ሆነው አገልግለዋል። ልዩነቱ ይህ ነው፦ የኢትዮጵያው ተማሪ ትምህርቱን አቋርጦ ነበር የሚሄደው። የአሜሪካው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተማሪ ግን ኮርሱን እየተማረ፣ ብዙ ጊዜ ለአንድ ሴሚስተር ከ15 እስከ 20 ሰዓት ብቻ ያገለግላል።

ሃያ ሰዓት ጥቂት ይመስላል። ተማሪው ማን እንደሆነ ሲታወቅ ግን ትንሽ አይደለም። ከእነዚህ ኮሌጆች አንጋፋው፣ ኢሊኖይ ውስጥ ያለው ጆሊየት፣ በ1901 ተከፈተ፤ ስያሜውን ያስፋፋው ደግሞ በ1947 የፕሬዚዳንት ትሩማን የትምህርት ኮሚሽን ነው። ዛሬ ቁጥራቸው ከ1,000 በላይ ነው። ዶርም ያላቸው ጥቂቶች ናቸው፤ አብዛኛው ተማሪ ከቤቱ ተመላልሶ፣ ግማሽ ቀን ተምሮ ግማሽ ቀን ሠርቶ፣ ልጅ አሳድጎ የሚማር ነው። የምግብ ባንክ ሄዶ አገልግል የተባለው ተማሪ ባለፈው ወር እዚያው ተሰልፎ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ኮሌጆች ራሳቸው በግቢያቸው ውስጥ ለተማሪ ምግብ የሚያድሉበት ክፍል አላቸው። «ያለው ለሌለው» የሚለው አስተሳሰብ እዚህ አይሠራም። አስተባባሪውም የመጀመሪያ ጥበቡን የሚያሳየው እዚህ ላይ ነው፦ ቦታው በአውቶቡስ መንገድ ላይ ነው? ማታ ክፍት ነው? ሕፃን ይዞ መምጣት ይቻላል?

ሥራው የሚጀመረው ሴሚስተሩ ሳይከፈት ነው። አስተባባሪው ከመምህሩ ጋር የኮርሱን ዝርዝር ዘርግቶ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ተማሪው ከዚህ ኮርስ ምን አውቆ እንዲወጣ ትፈልጋለህ? የነርሲንግ ተማሪ በድሆች ማዕድ ቤት ሳህን ብታጥብ ምስጋና ታገኛለች እንጂ ከኮርሱ የምትማረው ብዙ የለም። በአረጋውያን ማዕከል ስለ ደም ግፊትና ስለ ጨው ብታስተምር ግን ያነበበችውን በሰው ቋንቋ መናገር ይኖርባታል። ቀጥሎ ወደ ድርጅቱ ይሄዳል፤ የምትፈልጉት ምንድን ነው? ተማሪውን ማን ይቆጣጠራል? አንድ ቀን ቢቀር ለማን ይደውላል? ከዚያ ውሉ፣ የኢንሹራንሱ ጉዳይ፣ ከልጆች ጋር ለሚሠራ የወንጀል መዝገብ ማጣሪያ፣ በአረጋውያን መኖሪያ ለሚያገለግል የቲቢ ምርመራ። ሴሚስተሩ 15 ወይም 16 ሳምንት ነው። ማጣሪያው ሦስት ሳምንት ከዘገየ፣ ከዚያም የአጋማሽ ፈተና ከመጣ፣ የቀረውን እያንዳንዱ መምህር ያውቀዋል።

ማርክ የሚሰጠው ለሰዓት አይደለም፤ በሰዓቱ ውስጥ ለተገኘው ዕውቀት ነው። አስተባባሪዎች ለአዲስ መምህራን ደጋግመው የሚናገሩትም ይህንኑ ነው። ተማሪው እንዲጽፍባቸው ከሚሰጡት ጥያቄዎች የታወቁት ሦስት ናቸው፦ ምን ሆነ? ምን ትርጉም አለው? ከዚህ በኋላስ? ያለ እነዚህ የሚመጣው ጽሑፍ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ «ልቤ ተነካ፣ ያለኝን ማመስገን ተማርኩ» ይላል። ለጸሐፊው ደስ ይላል፤ ለሶሺዮሎጂ መምህር ግን ምንም አይነግረውም። መምህሩ የሚፈልገው የምግብ ባንኩ ሰልፍ ለምን በወሩ መጨረሻ እንደሚረዝም የጠየቀውን ተማሪ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው «አይሆንም» ማለት ይመስላል። በሁለተኛው ሳምንት አንድ መምህር ይደውልና «ሠላሳ ተማሪ አለኝ፣ የሚረዱት ሰው ፈልግልኝ» ይላል። አንድ መጠለያ የሚፈልገው ደግሞ ስፓኒሽ የሚናገሩ ሦስት ሰዎችን ብቻ ነው። ሠላሳውን ቢልክ መጠለያው ሠላሳ ሰው ሲያሠለጥን ወር ይወጣል፤ ያተረፈው ኮሌጁ ብቻ ይሆናል። ሲግመን በ1979 ካስቀመጣቸው ሦስት መርሆች የመጀመሪያው የሚሰጠውን አገልግሎት የሚቆጣጠሩት ተገልጋዮቹ ይሁኑ የሚል ነው። ከዚያ አሥራ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ማኅበራዊ ተቺው ኢቫን ኢሊች፣ ሜክሲኮ ኩዌርናቫካ ላይ፣ ለበጎ ፈቃድ የተሰበሰቡ አሜሪካውያንን ፊት ለፊት ሥራችሁ ጉዳት ነውና አትምጡብን ብሏቸዋል። ንግግሩ መራራ ነው፤ ሆኖም በዚህ ሙያ ሥልጠናዎች እስካሁን ይነበባል፤ መነበቡም ተገቢ ነው።

ሙያው ጠንካራ መሠረት አለው ማለት ግን ያስቸግራል። ፍሎሪዳ ውስጥ የነበረው ብሬቫርድ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በ1988 ራሱን የቻለ ማዕከል ከከፈቱት ቀዳሚዎች አንዱ ነው። ከ1994 ጀምሮ የኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ማኅበር በፌዴራል ገንዘብ በተለያዩ ግዛቶች ያሉ ኮሌጆችን ደግፎ ፕሮግራም አስጀምሯል። በ2011 ኮንግረሱ ለርን ኤንድ ሰርቭ አሜሪካ የተባለውን የገንዘብ ምንጭ ዘጋው። ወጪውን ቀድመው ወደ መደበኛ በጀታቸው ያስገቡ ኮሌጆች ቀጠሉ፤ በሌሎቹ ሥራው የተማሪ አማካሪነትንም ደርቦ በያዘ አንድ ሰው ጫንቃ ላይ ወደቀ። ያ ሰው ሲለቅ ዓመታት የፈጁት ትውውቆች፣ የስልክ ቁጥሮቹና የትኛው ድርጅት ተማሪን በደንብ እንደሚይዝ ያለው ዕውቀት አብረውት ይሄዳሉ። አንድ ኮሌጅ ስለ ማኅበረሰብ የሚናገረውን ምን ያህል ከልቡ እንደያዘው ማወቅ የሚሻ፣ መፈክሩን ትቶ የአስተባባሪውን ደመወዝ ከየት እንደሚከፍል ይጠይቅ።

በሜሪላንድ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆች የዚህን ታናሽ ወንድም ያውቁታል፤ ግዛቲቱ በ1992 ከአገሪቱ ግዛቶች ሁሉ ቀድማ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ለመመረቅ 75 ሰዓት እንዲያገለግል ወስናለች። ልጆቻቸው ወደ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ፣ ቨርጂኒያ ያሉት ደግሞ ወደ ሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሲሄዱ ነገሩ ከሰዓት ቆጠራ ወደ ኮርስ ይሸጋገራል። የኢትዮጵያውያን ማኅበራት፣ የአማርኛ ትምህርት ቤቶችና የአረጋውያን ስብስቦችም በሌላው ወገን፣ ተማሪ ተቀባይ ሆነው፣ ሊቆሙ ይችላሉ፤ ለዜግነት ፈተና የሚያጠኑ እናቶችና አባቶችን የሚያግዝ ተማሪ የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው። ቤተ ክርስቲያንም ሆነ መስጊድ በአብዛኛው አይከለከልም፤ ስብከት አይቆጠርም እንጂ ምግብ ማደልና ማስጠናት ይቆጠራል። ለማመልከት የሚያስፈልገው የተወሰነ ሥራ፣ ተማሪውን የሚከታተል አንድ ኃላፊና ግልጽ የሥራ ሰዓት ነው። ለፎል ሴሚስተር ያሰበ ማኅበር በመስከረም ከሚሮጥ በሰኔ ወይም በሐምሌ ቢደውል ይሻለዋል።