የጎርፍ መድን

ሐርጌሣ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ምድር ላይ የተቆረቆረች የሶማሌላንድ ርእሰ ከተማ ናት። ማሮዲ ጄህ የተባለው ወንዝ ከተማዋን ሰሜንና ደቡብ አድርጎ ይከፍላታል። ወንዝ ይባል እንጂ በዓመቱ አብዛኛው ክፍል ውሃ አይታይበትም፤ አሸዋው ደርቆ ሰውና ከብት ይመላለስበታል። ሶማሌዎች እንዲህ ያለውን ደረቅ ወንዝ «ቶግ» ይሉታል። የዝናብ ወራት ሲደርስ ግን በላይኛው አገር የጣለው ውሃ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ቶጉን ሞልቶ ይወርዳል። ከተማው ላይ ፀሐይ እያለ ጎርፍ ሊደርስ የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ቤቱን ጎርፍ ለወሰደበት ሰው የሚደርስለት ማን ነው? በሶማሌ ባህል መልሱ ዘመድ ነው። ለተጎዳ ሰው ወገኖቹ የሚያዋጡለት ገንዘብ ወይም ከብት «ቃራን» ይባላል። በኢትዮጵያ የሚታወቀው እድር ከዚህ ጋር ይመሳሰላል፤ ሆኖም እድርተኞችን የሚያስተሳስረው ብዙውን ጊዜ ጉርብትና ሲሆን፣ ቃራንን የሚያዋጣው በተለይ የሥጋ ዘመድ ነው።

የመድን ድርጅት ሥራም በመሠረቱ ከዚህ የራቀ አይደለም። ለምሳሌ ያህል፣ እያንዳንዳቸው 200,000 ብር የሚያወጡ 1,000 ቤቶች አሉ እንበል። በዓመት ከነዚህ ውስጥ አንዱ ብቻ በእሳት የሚቃጠል ከሆነ፣ እያንዳንዱ ባለቤት 200 ብር ቢያዋጣ የተቃጠለው ቤት እንደገና ይሠራል። ይህ መዋጮ አረቦን ይባላል። ስሌቱ የሚሠራው ግን አደጋው አንዱን ነክቶ ሌላውን ሲተው ነው። ጎርፍ በአንድ ሌሊት በወንዙ ዳር ያሉትን 100 ቤቶች ቢወስድ፣ ከእያንዳንዱ ሰው የሚፈለገው መዋጮ 20,000 ብር ይሆናል። ከዚህም በላይ በኮረብታ ላይ የሚኖረው ሰው ጎርፍ ስለማያሰጋው መድኑን አይገዛም፤ የሚገዛው የወንዝ ዳር ነዋሪ ብቻ ይሆናል። ቃራንንም ሆነ እድርን የሚፈትነው ይኸው ነው፤ አዋጪዎቹ ራሳቸው በአንድ ሌሊት ተረጂዎች ይሆናሉና።

ይህ ችግር የድሃ አገር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የሚሲሲፒ ወንዝ በ1919 ዓ.ም. ታላቅ ጥፋት ካደረሰ በኋላ የግል የመድን ኩባንያዎች ከጎርፍ መድን ሸሹ። በ1960 ዓ.ም. የፌዴራሉ መንግሥት ራሱ የጎርፍ መድን አቋቋመ። ይሁን እንጂ ለብዙ ቤቶች የተተመነው አረቦን ከአደጋው ጋር የማይመጣጠን ርካሽ ስለ ነበረ፣ ጎርፍ ያፈረሰው ቤት እዚያው ቦታ ላይ ደጋግሞ ተሠራ። ዕዳውም እየተከማቸ ሄዶ በ2010 ዓ.ም. የአገሪቱ ምክር ቤት 16 ቢሊዮን ዶላሩን ለመሰረዝ ተገደደ። ርካሽ መድን ሰውን ከአደጋው አጠገብ ሊያቆይ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል።

ወደ አፍሪቃ ቀንድ ስንመለስ፣ ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት በድሬዳዋ የደረሰውን እናገኛለን። ደቻቱ እንደ ማሮዲ ጄህ ሁሉ ከተማ የሚያቋርጥ ደረቅ ወንዝ ነው። በሐረርጌ ተራሮች ላይ የዘነበው ዝናብ ደቻቱን ሞልቶ፣ ሰው በተኛበት ከተማውን አጥለቅልቆ ከ250 በላይ ሕይወት አጠፋ። ለነዚያ ሰዎች መድን ምን ይፈይድላቸው ነበር? ገንዘብ ቤትን ይመልሳል እንጂ ሰውን አይመልስም። ስለዚህም የመከላከያ ግንብና ከላይኛው ተፋሰስ የሚመጣ የማስጠንቀቂያ ወሬ ከመድን መቅደም አለባቸው።

በባሕር ዳር ያለው አደጋ ደግሞ ከዚህ ይሰፋል። ግንቦት 11 ቀን 2010 ዓ.ም. ሳጋር የተባለ ዐውሎ ነፋስ ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ተነሥቶ የሶማሌላንድን ምዕራባዊ ጠረፍ መታ። በአውዳል አውራጃ ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ እርሻ ታጠበ፤ የአርብቶ አደሩ ሀብት የሆኑት ፍየሎችና ግመሎች በብዛት አለቁ። ዐውሎ ነፋስ ኃይሉን የሚያገኘው ከሞቀ ባሕር ነው። የዓለም ሙቀት በጨመረ ቁጥርም ባሕሩ ይሞቃል፤ አየሩም በእያንዳንዱ ዲግሪ ሰባት በመቶ ያህል ተጨማሪ የውሃ ተን ስለሚሸከም ዝናቡ ሲወርድ ይበረታል። የባሕሩም ወለል ከፍ ይላል። ሐርጌሣ ከጠረፉ ርቃ ብትገኝም ከባሕር ማዶ የሚመጣው እህሏና ሸቀጧ በዋነኛነት የሚገባው በበርበራ ወደብ በኩል ስለሆነ፣ ጠረፉን የነካ ሁሉ እርሷንም ይነካታል።

አዋጪውና ተጎጂው አንድ እንዳይሆኑ ከተፈለገ የአዋጪዎቹ ክልል ከአንድ ጎሣና ከአንድ ከተማ መስፋት አለበት። የውጭ አገር የመድን ድርጅቶች የአገር ውስጡን ድርጅት መልሰው ዋስ የሚሆኑትም ለዚሁ ነው። ለአርብቶ አደር የሚስማማ ሌላም ዘዴ አለ። በሐምሌ 2004 ዓ.ም. በቦረና በተጀመረው የእንስሳት መድን ማንም የሞቱትን ከብቶች አይቆጥርም፤ ሳተላይት የግጦሹን ልምላሜ ይለካል፤ ልኩ ከተወሰነው በታች ሲወርድ ካሣው ይከፈላል። ይህ ዘዴ ለድርቅ የተበጀ ነው። ለጎርፍም በዝናብ ወይም በወንዝ ከፍታ ልክ እንዲሠራ ማድረግ ይቻላል፤ ነገር ግን መለኪያው በሐርጌሣ መካከል ከተተከለ፣ ከላይኛው አገር ዘንቦ ቤቱን ጎርፍ የወሰደበት ሰው በከተማው ጠብታ አልወረደምና ካሣ አይገባህም ሊባል ይችላል።